ስለ ኤድዋርድ ኩክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሕግ ተማሪዎችና ታሪክ ወዳዶች ስለዚህ ሰው ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤድዋርድ ኩክ ማን ነበር?

እንግሊዛዊ ጠበቃ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ዳኛና የፓርላማ አባል ነበር። በ1552 ተወለደ፣ በ1634 በ82 ዓመቱ አረፈ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊትን፣ ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊንና ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊን አይቷል። ንግሥቲቱን በታማኝነት አገለገለ፤ ከሁለቱ ነገሥታት ጋር ግን ተጋጨ።

አገራችን ሲነገር የኖረው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ነው። ኩክ ባደገበት እንግሊዝም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር። ንጉሥ ከሕግ በላይ ነው ወይስ በታች? ኩክ የዕድሜውን ግማሽ ለዙፋኑ ወግኖ ተከራከረ፣ በቀረው ግማሽ ደግሞ ዙፋኑን በሕግ ለማሰር ደከመ። እኔን ወደዚህ ሰው የሚስበኝ ሁለቱም ወገን በአንድ ሰው ውስጥ መኖሩ ነው። ስለዚህ የሚያስመሰግነውን ብቻ ነጥዬ አላቀርብም።

ስሙ «ኮክ» ነው ወይስ «ኩክ»?

በእንግሊዝኛ ፊደል ሲያዩት «ኮክ» ይመስላል፤ ሲነበብ ግን «ኩክ» ነው። በአማርኛ «ኮክ» ፍራፍሬው ስለሆነ «ኩክ» ብሎ መጻፍ ከአነጋገሩም ጋር ይስማማል፣ አንባቢንም አያደናግርም።

የት ተወለደ? ሕግስ የት ተማረ?

የተወለደው በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኖርፎክ ውስጥ ማይልሃም በምትባል መንደር ነው። አባቱ ሮበርትም ጠበቃ ነበር፤ ልጁ ገና ዘጠኝ ዓመት ሳለ በ1561 ሞተበት። ኖሪች ከተማ ትምህርት ቤት ገባ፣ በ1567 ደግሞ ካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ።

ሕግን የተማረው ግን ዩኒቨርሲቲ አይደለም። በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲዎቹ የሮማን ሕግ ነበር የሚያስተምሩት። የአገሩ ሕግ፣ ማለትም ኮመን ሎው፣ የሚገኘው ለንደን ውስጥ ባሉት የጠበቆች ማኅበራት ነው። ኩክ በ1572 ከእነዚህ አንዱ ወደሆነው ኢነር ቴምፕል ገባ። ተማሪዎቹ ቀን ችሎት ሄደው ክርክር ይሰማሉ፤ ማታ አብረው ማዕድ ይቀርባሉ፣ ከዚያ የፈጠራ ክስ ይዘው በአንጋፋዎቹ ፊት ይሟገታሉ። ስህተታቸው እዚያው፣ በሁሉ ፊት ይታረማል። ከኛ ትምህርት ቤቶች የሚቀርበው ቅኔ ቤት ነው፤ ዕውቀቱ በመምህሩ አፍና በጉባኤው መካከል ነው ያለው። የሕጉ ቋንቋ እንኳን የተለየ ነበር፤ ሎው ፍሬንች የሚባል፣ ከጠበቆች በቀር ማንም የማይናገረው የተበላሸ ፈረንሳይኛ።

ኋላ በጻፈው መጽሐፍ ለሕግ ተማሪ የቀን መርሐ ግብር የሚሰጡ የላቲን ስንኞች ጠቅሷል። ስድስት ሰዓት ለእንቅልፍ፣ ስድስት ሰዓት ለሕግ፣ አራት ለጸሎት፣ ሁለት ለምግብ፣ የተረፈው ለቅዱስ ጥበብ። በ1578 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ፣ ብዙም ሳይቆይ በሙያው አንቱ ተባለ።

ዐቃቤ ሕግ ሳለ ምን ዓይነት ሰው ነበር?

ጨካኝ ነበር። ይህን የሚያለዝብ ቃል የለኝም።

በ1593 የፓርላማው የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነ፣ በ1594 ደግሞ የዘውዱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ። በዚህ ሥልጣን ላይ ሳለ በ1601 የኤሴክስን መስፍን፣ በ1603 ሰር ዋልተር ራሌይን፣ በ1606 ደግሞ ፓርላማውን በባሩድ ሊያጋዩ ያሴሩትን ሰዎች ከሰሰ።

የራሌይን ችሎት ቀረብ ብለን እንየው። ለንደን ወረርሽኝ ገብቶባት ስለነበር ችሎቱ የተሰየመው ዊንቸስተር ነው። ራሌይ መርከበኛ፣ ገጣሚና ወታደር፣ የንግሥቲቱም ባለሟል የነበረ ሰው ነው። የቀረበበት ዋና ማስረጃ ሎርድ ኮብሃም የተባለ ሌላ እስረኛ የሰጠው ቃል ነበር፤ ያንንም ኮብሃም አንዴ ሰጥቶ አንዴ ይክደዋል። ራሌይ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፦ ከሳሼን አምጡልኝ፣ ፊት ለፊቴ ይናገር። አላመጡለትም።

ኩክ በዚያ ችሎት ያለው ቃል እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የዘመኑ እንግሊዝኛ እንደ አማርኛ «አንተ» እና «እርስዎ»ን ይለይ ነበር፤ ባላባትን በሸንጎ ፊት «አንተ» ማለት ስድብ ነው። ኩክ ራሌይን እፉኝት ካለው በኋላ «አንተ ነው የምልህ፣ አንተ ከሃዲ!» ብሎ ጮኸበት። የዛሬ እንግሊዛዊ አንባቢ የዚህን ቃል ክብደት በማስታወሻ ነው የሚረዳው፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ወዲያው ይሰማዋል። ሰውየው በአንዲት ቃል ከክብሩ ተገፎ ከወንበር በታች ተጣለ። ሞት ተፈረደበት፤ ለዓመታት ታስሮ ከቆየ በኋላ በ1618 አንገቱ ተቀላ።

ሌላም አለ። በኤልሳቤጥ ዘመን እስረኞች በማሰቃየት እንዲመረመሩ በተሰጡ ትእዛዞች ላይ የኩክ ስም ይገኛል። ይኸው ሰው በስተርጅናው በጻፈው መጽሐፍ በእንግሊዝ ምድር ማሰቃየትን የሚፈቅድ ሕግ የለም ብሎ ደመደመ። ቢጸጸት ይሆናል፣ ላይጸጸትም ይችላል፤ ሁለቱ ጽሑፎች ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው አሉ።

«ንጉሥ ከሰው በታች ሳይሆን ከእግዚአብሔርና ከሕግ በታች ነው» ያለው መቼ ነው?

በ1606 ኮመን ፕሊስ የተባለው ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሆኖ ተሾመ፤ የሚከራከርለት ደንበኛም፣ የሚከሰው ሰውም አልነበረውም። ብዙዎች ሰውየው የተለወጠው ያኔ ነው ይላሉ። እኔ የተለወጠው ወንበሩ ይመስለኛል፤ ለያዘው ወንበር ሙሉ በሙሉ የመሟገት ልማዱ ግን ያው ነው።

ጄምስ ቀዳማዊ ከስኮትላንድ የመጣ፣ ብዙ ያነበበ ንጉሥ ነው። ነገሥታት ሥልጣናቸውን ከእግዚአብሔር እንደተቀበሉ ያምናል፤ በዚህ ላይ መጽሐፍም ጽፏል። በዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶችና የኮመን ሎው ፍርድ ቤቶች በሥልጣን ክልል ይጣሉ ነበር። ለንጉሡ የቀረበው ምክር እንዲህ የሚል ነው፦ ዳኞች የእርስዎ እንደራሴዎች ናቸው፣ ስለዚህ የፈለጉትን ጉዳይ ከእጃቸው ወስደው ራስዎ መወሰን ይችላሉ።

ኩክ እንደ ራሱ ዘገባ በ1607 ዳኞቹን ይዞ ንጉሡ ፊት ቀረበ፣ አይቻልም አለ። ንጉሡም ሕግ የተመሠረተው በማስተዋል ላይ ከሆነ እኔስ ከዳኞች እኩል ማስተዋል የለኝም ወይ ብሎ ጠየቀ። የኩክን መልስ በራሴ አባባል ላስቀምጠው። እግዚአብሔር ለግርማዊነትዎ ታላቅ ዕውቀትና ተሰጥዖ ሰጥቶዎታል፤ ነገር ግን የዜጎችዎ ሕይወት፣ ርስትና ንብረት የሚዳኘው በተፈጥሮ ማስተዋል አይደለም። በረጅም ጥናትና ልምድ በሚገኝ፣ የሕግ በሆነ ማስተዋል ነው።

ንጉሡ ተቆጣ፤ እንዲህማ ከሆነ እኔ ከሕግ በታች ነኝ ማለት ነው፣ ይህን መናገር ክህደት ነው አለ። ኩክም ብራክተን የተባለውን የ13ኛው ክፍለ ዘመን የሕግ ሊቅ ጠቅሶ ከላይ ያለውን ዐረፍተ ነገር በላቲን መለሰ። አገራችን ውስጥ «በሕግ አምላክ!» ሲባል መንገደኛ እንኳን ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። በዚያ ጥሪ ውስጥ ሕግና አምላክ አንድ ላይ ናቸው፤ ብራክተን «እግዚአብሔርና ሕግ» ብሎ ሁለቱን ሲያጣምር የኛ ሰው ጆሮ እንግዳ አይሆንም።

እውነት በንጉሡ ፊት ቆሞ እንዲህ ተናገረ?

ከላይ ያለው ትረካ የኩክ የራሱ ነው። በዘመኑ የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ ነገሩን በሌላ መልክ ያስቀምጠዋል። ንጉሡ በቁጣ ገንፍሎ ሊመታው ሲቃጣ ኩክ በእጁና በጉልበቱ መሬት ላይ ወድቆ ምሕረት ለመነ፤ የሚስቱ አጎት የሆነው ሮበርት ሴስልም ተንበርክኮ አማለደለት።

ሁለቱ ትረካዎች የግድ አይጣሉም። መሬት ላይ የወደቀው ሰው በማግስቱ ወደ ችሎቱ ተመልሶ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶችን የሚያግደውን ትእዛዝ መጻፉን ቀጠለ። እኔ ከላቲኑ ጥቅስ ይልቅ ይህን እወድለታለሁ፤ ፈርቶም ሥራውን አልተወም።

የዶክተር ቦናም ጉዳይ ምንድን ነው?

ቶማስ ቦናም ካምብሪጅ የተማረ ሐኪም ነው። ለንደን ውስጥ ያለ ሐኪሞች ኮሌጅ ፈቃድ ሲያክም ተገኘ። ኮሌጁ ፈትኖ ብቁ አይደለህም አለው፣ ገንዘብ ቀጣው። ቦናም ሥልጣናችሁን አልቀበልም ብሎ ማከሙን ቀጠለ፣ ኮሌጁም አሰረው። ቦናም ያለአግባብ ታሰርኩ ብሎ ከሰሰ፣ በ1610 ጉዳዩ በኩክ ችሎት ተወሰነ።

ኩክ ዓይኑን የጣለው ገንዘቡ ላይ ነው። ከቅጣቱ ግማሹ ለራሱ ለኮሌጁ ይገባል። ከሳሹም፣ ፈራጁም፣ ከፍርዱ ተጠቃሚውም አንድ ሆኑ ማለት ነው፤ ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሊሆን አይችልም። ሥልጣኑን የሰጠው የፓርላማ ሕግ ቢሆንስ? ኩክ እንዲህ ጻፈ፦ የፓርላማ ሕግ የጋራ ማስተዋልን የሚቃረን ሲሆን ኮመን ሎው ይቆጣጠረዋል፣ ፍጹም ዋጋ የለውም ብሎም ይፈርዳል።

እንግሊዝ ይህን ሐሳብ አልተቀበለችውም፤ እዚያ ፓርላማ የበላይ ሆኖ ቀረ። አሜሪካ ግን በ1761 ጠበቃው ጄምስ ኦቲስ የእንግሊዝን የፍተሻ ትእዛዞች ለመቃወም ቦናምን ጠቀሰ፤ ፍርድ ቤት ሕግን መሻር ይችላል የሚለው የአሜሪካ ልማድ ሲነገርም የኩክ ስም አይቀርም። ኩክ ራሱ ግን ያን ያህል ማለቱ ያጠራጥረኛል፤ ሕጉን በጠባቡ መተርጎም ብቻ ፈልጎ ይሆናል የሚሉት ሊቃውንት ክርክር ሚዛን ይደፋል።

«የሰው ቤቱ ምሽጉ ነው» የሚለውስ?

በ1604 ከተወሰነው የሴሜይን ጉዳይ የመጣ ነው፤ ኩክ ዳኛው ሳይሆን ዘጋቢው ነበር። የሞተ ሰው ዕዳ ነበረበት፣ ንብረቱ ለንደን ውስጥ በአንድ ቤት ተቀምጧል፣ ባለቤቱም በሩን በባለሥልጣን ፊት ዘጋው። ፍርድ ቤቱ በግል ሰዎች ክርክር በር ሰብሮ መግባት አይቻልም አለ። የንጉሥ ጉዳይ ሲሆን ግን ይቻላል፤ ያም አስቀድሞ የመጡበትን ምክንያት ተናግሮ፣ ክፈቱ ብሎ ጠይቆ ነው። ፖሊስ ከመግባቱ በፊት አንኳኩቶ ማንነቱን ይናገር የሚለው ደንብ ከዚህ ይመዘዛል።

ከዳኝነት ለምን ተባረረ?

በ1610 ንጉሡ በዐዋጅ ብቻ አዲስ ወንጀል መፍጠር እንደማይችል ከሌሎች ዳኞች ጋር ሆኖ አስተያየት ሰጠ፤ ንጉሥ የአገሩ ሕግ ከሚፈቅድለት በቀር ልዩ ሥልጣን የለውም የሚለው ቃል የዚያ ነው። በ1613 ከነበረበት አንሥተው ኪንግስ ቤንች በተባለው ችሎት ላይ ሾሙት። ማዕረጉ ከፍ ያለ፣ ገቢው ግን ያነሰ ነበር። ንጉሡን የሚነኩ ጉዳዮች እዚያ ስለሚቀርቡ ይገራል ብለው ነው።

አልተገራም። በ1616 ንጉሡ ጥቅሙን የሚነካ አንድ ክርክር እንዲዘገይለት አዘዘ። አሥራ ሁለቱ ዳኞች ትእዛዙ ሕግን የሚጥስ ነው ብለው ፈርመው መለሱ። ንጉሡ ጠራቸውና ሁሉም ተንበረከኩ። ወደፊት እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቢመጣ ታዘገያላችሁ ወይ ብሎ አንድ በአንድ ጠየቃቸው፤ አሥራ አንዱ አዎ አሉ። ኩክ ጉዳዩ በመጣ ጊዜ ለዳኛ የሚገባውን አደርጋለሁ አለ።

ከሥራ ታግዶ የጻፋቸውን የፍርድ ዘገባዎች እንዲያርም ታዘዘ። እስከዚያ ከወጡት አሥራ አንድ ክፍሎች ያገኘሁት ስህተት አምስት ነው፣ ያውም ጥቃቅን፣ ብሎ ተመለሰ። በኅዳር 1616 ተሻረ።

ከፍራንሲስ ቤከን ጋር ምን አጣላቸው?

ሁሉ ነገር። ቤከን እንደ ኩክ ጠበቃ፣ ደግሞም ፈላስፋ ነበር፤ የ1594ቱን የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ሹመት ሁለቱም ተመኝተው ኩክ ወሰደው። በ1598 ሀብታሟን መበለት ሌዲ ኤልሳቤጥ ሃተንን ሁለቱም ፈልገው ኩክ አገባት። ቤከን ዳኞች አንበሶች ናቸው፣ ነገር ግን ከዙፋን በታች ያሉ አንበሶች ሲል ጻፈ፤ ኩክ ይህን አልቀበል አለ። የኩክ መሻር ላይ የቤከን እጅ ነበረበት፣ በ1621 ቤከን በጉቦ ተከሶ ሲወድቅ ደግሞ ኩክ በፓርላማ ከከሳሾቹ ግንባር ቀደሙ ነበር። ቤከን በ1620 ያሳተመውን ታላቁን የሳይንስ ፍልስፍና መጽሐፉን ለኩክ ልኮለት ነበር። ሽፋኑ ላይ መርከብ ተሥሏል። ኩክ በብዕሩ፣ ይህ ለትምህርት ቤት ሳይሆን ለሞኞች መርከብ የሚጫን ነው የሚል ስንኝ ጻፈበት። በዚህ ተሳስቷል።

የቤተሰብ ሕይወቱስ?

ከመጀመሪያ ሚስቱ ብሪጅት ፓስተን ጋር በሰላም ኖረ፣ አሥር ልጆች ወለዱ። የሁለተኛው ትዳር ግን የአደባባይ ጠብ ሆነ።

በ1617 ከሥልጣን የወረደው ኩክ የንጉሡን ፊት መልሶ ለማግኘት፣ ገና 14 ዓመት ገደማ የነበረች ልጁን ፍራንሲስን የንጉሡ ባለሟል የበኪንግሃም ወንድም ለሆነው ለጆን ቪልየርስ ሊድር ተስማማ። ልጅቱ አልፈለገችም። እናቷ ወስዳ ደበቀቻት። ኩክ ወንዶች ልጆቹንና የታጠቁ ሎሌዎቹን አስከትሎ ሄደ፣ በሩን አሰብሮ ልጁን ይዞ ወጣ። የሰው ቤት ምሽጉ ነው የሚለውን ቃል ለዓለም ያቆየው እጅ ነው በር ያሰበረው። ሰርጉ በመስከረም ተደረገ፣ ኩክም ወደ ንጉሡ የምስጢር ምክር ቤት ተመለሰ። የፍራንሲስ ትዳር በመከራ ፈረሰ። በኩክ ሕይወት ውስጥ ካለው ሁሉ ይቅር ለማለት የሚከብደኝ ይህ ነው።

በፓርላማ ምን አከናወነ?

ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነው በ1621 ወደ ፓርላማ የተመለሰው። ንጉሡ ለወዳጆቹ የሚያድለውን የሞኖፖሊ ፈቃድ ተዋጋ፤ በ1624 የወጣው የሞኖፖሊ ሕግም ፓተንት የሚባለው የዛሬው መብት መነሻ ነው። በ1621 መጨረሻ ምክር ቤቱ በነፃ የመናገር መብቱን በመዝገብ ሲያሰፍር ንጉሡ ያን ገጽ በእጁ ቀደደው፤ ኩክንም ለንደን ታወር ውስጥ አሰረው። ኩክ የተለቀቀው በነሐሴ 1622 ነው። ቻርልስ ሲነግሥም በ1626 ፓርላማ እንዳይቀመጥ ሸሪፍ፣ ማለትም የአውራጃ ሹም፣ አድርጎ ሾመው።

ትልቁ ሥራው የ1628ቱ የመብት አቤቱታ ነው። ቻርልስ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ገንዘብ በግዳጅ ብድር ይሰበስብ ነበር፣ እምቢ ያሉትን ምክንያት ሳይነግር ያስራል። አምስት ባላባቶች ለምን ታሰርን ብለው ፍርድ ቤት ቢሄዱ «በንጉሥ ልዩ ትእዛዝ» ተባሉ፣ ዋስትናም ተነፈጉ። አቤቱታው አራት ነገር ጠየቀ፦ ያለ ፓርላማ ግብር አይጣል፣ ያለ ምክንያት ሰው አይታሰር፣ ወታደር በሰው ቤት በግድ አይስፈር፣ በሰላም ጊዜ የጦር ሕግ አይታወጅ። የንጉሡ ሉዓላዊ ሥልጣን እንዳይነካ የሚል ሐረግ ይጨመር ሲባል ኩክ በ1215 ባሮኖች ከንጉሡ ያገኙትን የመብት ሰነድ ጠርቶ፣ ማግና ካርታ የበላይ የሚቀበል ሰው አይደለም አለ።

በሰኔ መጀመሪያ ንጉሡ ስለ ሚኒስትሮቹ እንዳትናገሩ ብሎ ላከ። ምክር ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ማልቀስ ጀመሩ። ኩክ ሊናገር ተነሥቶ እንባው ስላሸነፈው ተቀመጠ። ዳግም ተነሣና ማንም ሊጠራው ያልደፈረውን ስም ጠራ፤ የመከራችን ሁሉ ምንጭ የበኪንግሃም መስፍን ነው አለ። ሰኔ 7 ቀን ንጉሡ አቤቱታውን ተቀበለ።

አንድ እርማት ልጨምር። ኩክ የማግና ካርታን ቃል ባሮኖቹ ካሰቡት በላይ አስፍቶ ነው ያነበበው። ታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ይወቅሱታል፣ ልክም ናቸው።

ከኢትዮጵያ ሕግ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

በቀጥታ ጥቂት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የተቀዳው በአብዛኛው ከአህጉራዊው አውሮፓ ነው። በኛ አቆጣጠር የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ከኮመን ሎው ብዙ ወስዷል፤ ችሎት የሄደ ሁሉ የሚያውቀው መስቀለኛ ጥያቄ ከዚያ ነው። ተከሳሽ የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት በኛ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ሰፍሯል፤ ራሌይ ዊንቸስተር ላይ ለምኖ ያጣው ይህንን ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2004 ስለዚሁ መብት ሲወስን የራሌይን ችሎት አንሥቷል። የቦናም ሐሳብ ግን እኛ ዘንድ ቦታ የለውም፤ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም።

ዛሬም ይጠቀሳል?

አዎ። በ2019 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መንግሥት የፓርላማውን ስብሰባ ለጊዜው ማስቆሙ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲወስን፣ ስለ ንጉሥ ዐዋጅ የተሰጠውን የኩክን የጥንት ቃል ጠቅሷል።

መጨረሻው እንዴት ሆነ? ጽሑፎቹንስ ከየት ልጀምር?

የመጨረሻ ዓመቶቹን ስቶክ ፖጅስ በሚገኘው ቤቱ ሲጽፍ አሳለፈ። በ1634 በሞት አልጋ ላይ ሳለ የቻርልስ ሰዎች መጥተው ወረቀቶቹን ሰብስበው ወሰዱ። መስከረም 3 ቀን አረፈ፣ ኖርፎክ ውስጥ ቲትልሻል ተቀበረ። የተወሰዱበትን ጽሑፎች ፓርላማው ከንጉሡ ጋር ሲጣላ አስመልሶ ከ1642 ጀምሮ አሳተማቸው።

ዋና ሥራዎቹ ሁለት ናቸው፤ የፍርድ ዘገባዎቹና ኢንስቲትዩትስ የተባለው አራት ክፍል መጽሐፍ። በኢንስቲትዩትስ አትጀምሩ። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ርስት ነው፣ ከባድ ነው፣ ሐተታው በዳር ተጨናንቋል። ከዘገባዎቹ ክፍል አሥራ ሁለት ውስጥ የንጉሡ እግዶች የሚለውን አንብቡ። ጥቂት ገጽ ነው፣ በአንድ ቁጭታ ያልቃል፤ ከንጉሡ ጋር የተነጋገረው ሁሉ እዚያ አለ።